ስለ ልጆቻችን በእንደራሴዎች ፊት መቆም

በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 27 የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ታሪክ ተጽፎ እናገኛለን። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ በምድረ በዳ ስለ ሞተ ስሙ ከወገኖቹ መካከል ሊጠፋ፥ ርስቱም ለሌላ ሊያልፍ ነበር። እነርሱ ግን በድንኳናቸው ተቀምጠው በማልቀስ አልቀሩም። ወደ መገናኛው ድንኳን ደጃፍ መጥተው በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፥ በአለቆችና በማኅበሩም ሁሉ ፊት ቆመው ጉዳያቸውን በአጭርና በግልጥ ቃል አስረዱ። ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም የጠየቁት ነገር ቅን እንደ ሆነ መሰከረላቸው። የአምስት እኅትማማቾች አቤቱታ ለእስራኤል ሁሉ ሥርዓት ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ምእመናን ከርስት ሁሉ ስለሚበልጠው ርስታቸው፥ ይኸውም ስለ ልጆቻቸው አስተዳደግ፥ ይጨነቃሉ። እናት ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ወደ ቤቷ በገባች ጊዜ ከትምህርት ቤት የተላከውን ደብዳቤ የሚያነብላት ልጇ ነው። ልጁም የወደደውን ይተረጕማል፥ ያልወደደውን ይዘላል። እንዲህ ሲሆን ልጅ ለወላጁ አፍ ይሆናል፤ ወላጅ ግን በገዛ ልጁ ጉዳይ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። «ስለ ምን አትናገሩም?» ብለን ስንጠይቃቸው «እኛ እንግዶች ነን፥ በሹም ፊት ምን ብለን እንቆማለን?» ይላሉ።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ አሳድገውናል፤ ሹምን ማግኘት ብዙ ዘመን ደጅ መጥናት እንደሚጠይቅም አይተናል። ነገር ግን ሕዝብ የመረጠውን ሰው በቋንቋችን «እንደራሴ» ብለን እንደምንጠራው እናስተውል። እንደራሴ ማለት እንደ ራሴ ሆኖ የሚቆምልኝ ማለት ነው። እንግዲህ የላኪውን ሐሳብ ሳይሰማ እንደ ላኪው ሆኖ ሊቆም የሚችል ማን ነው? ዝም ያለ ሰው እንደራሴው አልቆመልኝም ብሎ ሊያማርር አይገባውም።

የአገሩም ሕግ ቢሆን ይህን በር አልዘጋም። ሕዝብ በደሉ እንዲታረምለት ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብቱ በ1791 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ተጽፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ለመምረጥ ያልተፈቀደለት ወላጅ እንኳ ስለ ልጁ እንዳይጠይቅ አልተከለከለም። የወላጅነትም ሥልጣን በፍርድ ቤት ታውቋል። በኔብራስካ ግዛት ለሕፃናት የባዕድ ቋንቋ እንዳይማሩ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ሳለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ያን ሕግ ሻረው። ዛሬ ለልጆቻችን ግእዝና አማርኛ ስናስተምር የዚያ ፍርድ ጥላ በእኛም ላይ እንዳለ እናስብ። በ1925ም ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ ያስገድድ የነበረው የኦሪገን ሕግ ተሻረ። ዳሩ ግን ይህ ሥልጣን ወሰን አለው፤ መንግሥት ልጅን ከጕዳት ለመጠበቅ መብት እንዳለው ይኸው ፍርድ ቤት በ1944 አስታውቋል። ልጅ የእግዚአብሔር አደራ እንጂ የወላጅ ገንዘብ አይደለምና ይህም ተገቢ ነው።

ለዘመናችን የሚቀርበውን ምሳሌ በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ወረዳ እናገኘዋለን። በዚያ ከአገራችን የሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። በ2022 ስለ ጾታና ስለ ጋብቻ ከብዙ ወላጆች እምነት ጋር የማይስማሙ የተረት መጻሕፍት በሕፃናቱ ንባብ ውስጥ ገቡ። በመጀመሪያ ወላጆች አስቀድሞ እየተነገራቸው ልጆቻቸውን ከዚያ ሰዓት ማስወጣት ይችሉ ነበር፤ በ2023 ግን ይህ ፈቃድ ተነሣ። ኦርቶዶክሳውያን፥ ካቶሊኮችና እስላሞች የሆኑ ወላጆች በአንድነት ቦርዱን ጠየቁ፤ በሮክቪል ከተማ በተደረጉት ስብሰባዎችም ከኢትዮጵያ የመጡ ምእመናን ቆመው ታዩ። ቦርዱ ልጆችን በየጊዜው ማስወጣት ለአስተማሪዎች አስቸጋሪ እንደ ሆነ፥ ሌሎች ልጆችንም እንደሚያሳፍር ገለጠ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ወላጆቹ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ሁለት ጊዜ ተረቱ። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 27 ቀን 2025 በ6 ዳኞች ድምፅ በ3 ላይ ፈረደላቸው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውም እንዲወጡላቸው አዘዘ።

በዚህ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወላጆቹ የሌላው ሰው ልጅ እንዳያነብ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ስለ ገዛ ልጆቻቸው ብቻ ነው። የሰለጰዓድም ልጆች የጐረቤትን ርስት አልተመኙም። አቤቱታችንም እንዲሁ በልክ ይሁን። ከልጆቻችን ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠውን የሌላውን ሰው ልጅ የሚያዋርድ ቃል ከአፋችን አይውጣ፤ እርሱም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና።

እንግዲህ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ በአጭሩ እናመልክት።

በመጀመሪያ፥ ጉዳዩ የማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ስለ ንባብ መጻሕፍትና ስለ ትምህርት ቤት ደንብ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የወረዳው የትምህርት ቦርድ ነው፤ የግዛቱን ሕግ የሚያወጣው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ የአገሩ ሁሉ ሕግ ደግሞ የኮንግሬስ ነው። የቦርዱን ጉዳይ ለኮንግሬስ መጻፍ የአንዱን ደጅ ትቶ የሌላውን ማንኳኳት ነው።

ሁለተኛ፥ ጊዜውን ማወቅ ይገባል። የሜሪላንድ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ የሚቆየው 90 ቀን ነው። ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ከክረምት በኋላ እንደሚዘራ ዘር ነው።

ሦስተኛ፥ ነገሩን ከምንጩ መመርመር ነው። በ1974 የወጣው ሕግ ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ ለማየት ሲጠይቅ ትምህርት ቤቱ ከ45 ቀን ባልበለጠ ጊዜ እንዲያሳየው ያዝዛል። መጽሐፉን ሳያነብ በወሬ የሚከስስ ሰው ግን ራሱን ያስንቃል፥ እውነተኛውንም በደል ያስረሳል።

አራተኛ፥ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ማን እንደ ሆንን፥ የት እንደምንኖር፥ ልጃችን በስንተኛ ክፍል እንደሚማር፥ ምን እንደምንለምን ይጻፍበት፤ አንድ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። ግልባጩን እናስቀምጥ፥ መልስ ቢዘገይም ደግመን እንጻፍ። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የተነገረላት መበለት ዐመፀኛውን ዳኛ ያሸነፈችው ባለመሰልቸት ነው። ቋንቋው የሚያስቸግረን ብንሆን አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያነሣነው የሞንትጎመሪ ወረዳ ትምህርት ቤቶች እንኳ ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፍ ያወጣሉ። ልጃችንን ግን በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አናድርገው።

ካህናትም ብንሆን ምእመናንን ማስተማርና ማበርታት ሥራችን ነው፤ በዐውደ ምሕረት ቆመን ይህን ምረጡ፥ ያን ጣሉ ማለት ግን ሥራችን አይደለም። ለገዥዎች ሁሉ እንድንጸልይ ቅዱስ ጳውሎስ አዝዞናል፤ እርሱ ራሱም በጸሎት ሳይታክት በሕግ ይግባኝ ብሏል።

በመጨረሻ የምንናገረው ከሁሉ የሚከብደውን ነው። ርስት የሚጠየቀው ሊታረስ ነው። ልጁን ከአንድ የንባብ ሰዓት አስወጥቶ በቤቱ ምንም ሳያስተምረው ለስልክ መስኮት የሚተወው ወላጅ ርስቱን አስመልሶ ጠፍ እንዳደረገ ገበሬ ነው። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 እንደ ታዘዝነው በቤት ስንቀመጥ፥ በመንገድም ስንሄድ፥ ስንተኛም ስንነሣም ለልጆቻችን ቃሉን እንንገር። በእንደራሴው ፊት ቆመን ስለ ልጃችን የተናገርነው እውነት እንደ ሆነ የሚመሰክርልን ማታ በማዕዳችን ላይ የምናደርገው ነው።

የአባቶቻችን አምላክ ለወላጆች ጥበብን፥ ለእንደራሴዎች የሚሰማ ጆሮን፥ ለልጆቻችንም ታዛዥ ልብን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።