ከትራፓኖው በፊት ግድግዳውን ማንኳኳት

አሜሪካ ውስጥ የአብዛኛው አፓርታማ ግድግዳ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጂፕሰም ቦርድ ከፊትና ከኋላ ተመቶበት፣ መሃሉ ላይ በየ16 ኢንቹ እንጨት ቆሟል። የቀረው አየር ነው። በብሎኬት ቤት ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ግድግዳ ሲባል የሚታየው ስቲል ምስማር የሚያጎብጥ ነገር ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ገብቶ መጋረጃ ሊሰቅል ሲነሳ ዓይኑ የሚያርፈው ከባዱ፣ እየመታ የሚበሳው ትራፓኖ ላይ ነው። ብሩን ያፈስበታል፤ ለዚያ ግድግዳ ግን ጭራሽ አያስፈልገውም።

ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያረፈ ሰው የሚገጥመው ተቃራኒው ነው። እዚያ ብዙው ቤት ጡብ፣ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ስለሆነ ቀላሉ ትራፓኖ ፑንታውን አግሎ፣ ግድግዳውን ጭሮ ይቀራል። የሚያስፈልገው እያሽከረከረ ወደፊት የሚመታ፣ ላዩ ላይ የመዶሻ ምልክት ያለበት ዓይነት ነው። ፑንታውም ጫፉ ካርባይድ የሆነ የግድግዳ ፑንታ መሆን አለበት፤ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ፊሸር ይገባል። የኮንክሪት ጣሪያ መብሳት ያለበት ሰው ለአንድ ቀን ሥራ ብሎ ትልቁን ማሽን ከሚገዛ ቢከራይ ይሻለዋል።

ተከራይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ውሉን ያነባል። አንዳንዱ አከራይ ለሥዕል የሚሆን ትንሽ ምስማር ይፈቅድና ቴሌቪዥን መስቀልን ይከለክላል፤ አንዳንዱ ለእያንዳንዷ ቀዳዳ ከመያዣው ይቆርጣል። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ አንድ ኢሜይል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለአሜሪካ ግድግዳና ለቤት ዕቃ መገጣጠም የሚበቃው ባለ 12 ወይም ባለ 18 ቮልት የባትሪ ትራፓኖ ነው። ከባትሪና ከቻርጀር ጋር ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ሲገዛ መታየት ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ባለ ሁለት ፍጥነት መሆኑ አንዱ ነው፤ ዝግተኛው ብሎን ለማሰር፣ ፈጣኑ ለመብሳት ይሆናል። ሁለተኛው ፑንታውን ከሚይዘው አፉ ኋላ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ነው፤ ጀማሪ ከማንም ይልቅ የሚጠቀምበት እሱ ሆኖ ሳለ ማንም አያስረዳውም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ጊዜ ብሎኑ ትንሽ ሲጠብቅ ትራፓኖው ‘ቀጭ ቀጭ’ ብሎ መግፋቱን ያቆማል፤ ከፍ ሲል የበለጠ ኃይል ይለቃል። የኢኬያ ቁም ሳጥን አብዛኛው አካሉ ችፑድ ነው። ቀለበቱን ሳያይ ቀስቅሴውን እስከ መጨረሻው የጫነ ሰው ብሎኑን ቦታው ላይ ያሽከረክርና ቀዳዳውን ዱቄት ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሎኑ አይይዝም። ቀለበቱን ከ3 ወይም ከ4 ጀምሮ እየጨመሩ መሄድ፣ መጨረሻውን ደግሞ በእጅ ካቻቪቴ ማጥበቅ ከዚህ ያድናል።

ቁጥር ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ‘20 ቮልት’ ተብሎ የሚሸጠው ዲዎልት አውሮፓ ውስጥ ‘18 ቮልት’ ተብሎ ይሸጣል፤ ባትሪው ያው ነው። ሃያው ባትሪው ገና ሞልቶ ሲወጣ ያለው ልክ ሲሆን አሥራ ስምንቱ በሥራ ላይ የሚሰጠው ነው። በሁለት ቮልት ልዩነት ገንዘብ የሚጨምር ሰው ቀለም ገዛ ማለት ነው።

ይልቅ የሚታሰብበት የባትሪው ቤተሰብ ነው። ትራፓኖ የገዛ ሰው በዓመቱ መጋዝ ወይም ማለስለሻ ሲያምረው ባትሪ አልባውን ባዶ መሣሪያ በርካሽ ይገዛል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከመጀመሪያው ያንኑ ቤተሰብ ከያዘ ነው። አረንጓዴው ሪዮቢ በሆም ዲፖ፣ ሰማያዊው ኮባልት በሎውስ፣ ሃርት በዎልማርት፣ ባወር ደግሞ በሃርበር ፍሬይት ይሸጣሉ። ሪዮቢ የ18 ቮልት መስመሩን የጀመረው በ1996 ነው፤ የባትሪውን አገጣጠም እስከ ዛሬ ስላልቀየረ የዛሬው ባትሪ የድሮውን መሣሪያ ያሠራል። ሪዮቢና ሚልዋኪ የአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ ባትሪያቸው ግን አይገጣጠምም። አውሮፓ ያለ ሰው በሊድል የሚሸጠውን ፓርክሳይድ ቢያይ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ችግሩ ዕቃው በየሳምንቱ ስለማይቀርብ ሲመጣ መድረስ ያስፈልጋል። የታወቀ ስም በሌለው ሻጭ የሚቀርብ ተመሳሳይ መሳይ ርካሽ ባትሪ ግን ይቅር። ሊቲየም ሲቀጣጠል ቤት ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀኑን መጠበቅ የሚችል ሰው ሁለት ወቅት አለው፤ በኖቬምበር መጨረሻ የሚውለው ብላክ ፍራይዴይና በጁን አጋማሽ የሚከበረው የአባቶች ቀን። በሁለቱም ጊዜ ትልልቆቹ ሱቆች ሁለት ባትሪ ያለውን ሳጥን በአንዱ ዋጋ ወይም ሁለተኛ መሣሪያ መርቀው ይሸጣሉ።

ርካሽ ትራፓኖ ምንም አይደለም። ርካሽ ፑንታ ግን ጊዜም እንጨትም ይበላል። ‘300 ቁራጭ’ ተብሎ በሚያብረቀርቅ ሳጥን የሚሸጠውን ስብስብ የገዛ ሰው ሁለት መቶ ዘጠናውን አንድም ቀን አይነካውም፤ የሚነካቸው አሥሩ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ደንዝዘዋል። ለእንጨት መካከሉ ሹል የሆነ፣ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ያሉ አምስት ወይም ስድስት ጥሩ ፑንታዎች ይበቃሉ። ከዚያ ባለ መስቀል ቁጥር 2 የካቻቪቴ ጫፍ ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ባለ ኮከብም እንዲሁ። ባለ መስቀሉ ከብሎኑ ራስ ላይ እያዳለጠ ሁለቱንም ይልጣል፤ የአሜሪካ አናጺዎች የኮከቡን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

የእጅ መሣሪያ አዲስ መግዛት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መሮ፣ መላጊያ፣ መዶሻ፣ ስኳድራና ሞርሳ ሞተር ስለሌላቸው አርጅተው አይሞቱም። ቅዳሜ ጠዋት በየሰፈሩ ደጃፍ ላይ የሚዘረጋው የጋራዥ ሽያጭና ሰው ሲሞት ወይም ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወር የሚደረገው የቤት ዕቃ ሽያጭ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ማለት ናቸው፤ ዓይን ያለው ሰው ከዝገቱ ሥር ጥሩ ብረት ያገኛል። ሐቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚያስተዳድራቸው ሪስቶር የተባሉት ሱቆችም የተለገሰ በር፣ ቁምሳጥን፣ እንጨትና መሣሪያ በርካሽ ይሸጣሉ። ላይ ላዩን የዛገ መሮ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ቢያድር ዝገቱ ይለቃል። ስለቱ ላይ ተቦርቡሮ ጉድጓድ የሠራ ከሆነ ግን ይቅርብኝ ማለት ነው።

ያገለገለ ትራፓኖ ሌላ ጉዳይ ነው። ያረጀ ባትሪ ተቀይሮ የሚገዛበት ዋጋ አንዳንዴ ከአዲሱ ሳጥን ይበልጣል። ሻጩ ፊት ፑንታ አስገብቶ ማሽከርከር፤ ፑንታው ክብ እየሠራ ቢወዛወዝ አፉ ተጎድቷል፣ የተቃጠለ ሽታ ቢመጣ ሞተሩ። በኢንተርኔት የተገኘ ሻጭ ‘በአዲሱ ሲሶ ዋጋ፣ ሳጥኑ ያልተከፈተ’ ካለ ዕቃው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለእንዲህ ያለ ግብይት መገናኛ ቦታ አዘጋጅተዋል፤ እዚያ እንገናኝ ሲባል የሚሸሽ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ጨርሶ መግዛት የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። የበርክሊ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከ1979 ጀምሮ ለነዋሪው መሣሪያ በነፃ ያውሳል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ሲያትል በተለያዩ ሰፈሮች የመሣሪያ ማዋሻ አለ፤ ባልቲሞርም ስቴሽን ኖርዝ የተባለው አለ። በዓመት አንዴ የሚነካ ሰርኩላር መጋዝ ከእነዚህ ቢመጣ ይሻላል። አዲስ ገዝቶ የተጸጸተም ቢሆን አብዛኛውን ዕቃ ሆም ዲፖ በ90 ቀን ውስጥ መልሶ ስለሚቀበል ደረሰኝ አይጣል።

ለመልመጃ ደግሞ ረከቦት ግሩም ሥራ ነው። ትንሽ ነው፣ መዓዘን ያስተምራል፣ ቢጣመምም ቡና ይፈላበታል። የሚያስፈልገው የጥድ ጣውላና አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ነው። ሱቁ ‘አንድ በአራት’ ብሎ የሚሸጠው ጣውላ ሲለካ ግን ሦስት አራተኛ በሦስት ተኩል ኢንች ነው፤ ስሙ ተልጎ ከመለስለሱ በፊት የነበረውን ልክ ስለያዘ በስሙ ሒሳብ የሠራ ሰው ሥራው አይገጥምለትም። ኮምፔንሳቶው ሲሸጥ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ኮሮላ ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ሱቆች ግን እዚያው በትልቁ መጋዝ ይቆርጡለታል።

ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር ጎን ተቆርጦ አራት ማዕዘን ይሆናል። ከጣውላው ጫፍ አጠገብ ብሎን በቀጥታ ከተነዳ ጥዱ ‘ጧ’ ብሎ በጅማቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከብሎኑ በቀጠነ ፑንታ ይበሳል፤ ለተለመደው ቁጥር 8 የእንጨት ብሎን 7/64 ኢንች ይሆነዋል። ኮላ ይቀባል፣ በሞርሳ ይያዛል፣ ከዚያ ብሎኑ ይገባል። ኮላው ሳይደርቅ አንዱን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር መለካት፣ ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሥራው ቀጥ ብሏል፤ ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ ጫን ማድረግ ነው። እግሮቹ ከውስጥ ጥግ ላይ ይታሰራሉ፤ ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶው ይመታል፤ በ120 ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሲኒ የሚቀመጥበትና ውሃ የሚፈስበት ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይጠጣል።

እንጨቱን በነፃ ከተጣለ ፓሌት ለማውጣት የሚያስብ ሰው ማኅተሙን ያንብብ። ‘ኤች ቲ’ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ‘ኤም ቢ’ የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዝ የታጠነ ስለሆነ ቤት አይገባም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ምርመራ ሳይደረግ፣ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት፣ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም።

ቴሌቪዥን ወይም ልጅ የሚንጠላጠልበት ረጅም ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥን የሚታሰረው በጂፕሰሙ ሳይሆን ከኋላው ባለው እንጨት ላይ ነው። እንጨቱን ለማግኘት ጠንካራ ማግኔት ግድግዳው ላይ ማንሸራተት ይበቃል፤ የጂፕሰሙ ብሎን ላይ ሲደርስ ይጣበቃል። ከሶኬት ቀጥታ በላይና በታች ግን ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል አይበሳም። መነጽሩ ‘ዜድ 87’ የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። ጓንት፣ ቀለበት፣ የተለቀቀ ፀጉርና ነጠላ ከሚሽከረከር ፑንታ ይራቁ፤ ፑንታው ከያዘ አይለቅም።

ወደ አገር ቤት መሣሪያ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ለአጎት፣ ለአናጺ ጓደኛ፣ ለራስ ቤት ሥራ። ባለ ሽቦ የአሜሪካ ትራፓኖ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የሶኬት ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ትንሽ አዳፕተር ቮልቱን አይነካውም። የባትሪው ቻርጀርም ጀርባው ላይ ‘100-240’ የሚል ካልተጻፈበት ያው ነው፤ ብዙው የአሜሪካ ቻርጀር ደግሞ ለ120 ብቻ ነው። በአውሮፕላን ትራፓኖውና ፑንታው በሚጫነው ሻንጣ ይገባሉ፤ የተነጠለ ሊቲየም ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። ልኩ በዋት ሰዓት ሲሆን ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ በማባዛት ይገኛል፤ 18 ቮልት በ5 ሲባዛ 90 ስለሆነ ያልፋል፣ በ6 ሲባዛ ግን 108 ይሆንና ከ100 በላይ ስለሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለ220 የሚሆነው ትራፓኖ መርካቶ ስለሚሸጥ ሞተሩን እዚያው መግዛት፣ ከአሜሪካ ደግሞ ቦታ የማይዙትን ጥሩ ፑንታዎች፣ ስኳድራና ስለታም መሮ መያዝ ይቀላል። መሮው በካርቶን ተጠቅልሎ ከፑንታዎቹ ጋር በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።