ግማሹ አንቴና ላሜራው ነው

በዲሲና በቨርጂኒያ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ ወዳጆቼ የራዲዮ ንግግር መስሚያ ስካነር የገዙ ሰሞን ይደውሉና «የቱ አንቴና ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «የመኪናህ ጣሪያ ከምን የተሠራ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ለምን ቢሉ፣ መኪና ላይ የምትቆመው ዘንግ ብቻዋን አንቴና አይደለችም፤ ግማሽ ናት። ሌላው ግማሽ ከሥሯ የተዘረጋው ላሜራ ነው። የራዲዮ ሞገድ ዘንጓን ሲነካ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ያ ኤሌክትሪክ ሌላ ተጓዳኝ ወገን ይፈልጋል፣ እሱም ላሜራው ነው። ዘንጓን ጣሪያው መሀል ብታቆማት ዙሪያዋን እኩል ትሰማለች። ወደ ኋላ ጥግ ብትገፋት ብረት ወደሚበዛበት፣ ወደ ፊት ታዳላለች። ዳሽቦርድ ላይ ብታስቀምጣትማ ከሥሯ ፕላስቲክ፣ ከላይዋ የጣሪያ ብረት፤ ብትሰማም በግማሽ ጆሮ ነው።

ማግኔት ያለውን ልግዛ የሚል ይኖራል። ጥሩ ነው፤ ቀለሙ መሀል ቢገባም ሞገዱ ወደ ላሜራው ይሻገራል። ግን ፎርድ ኤፍ-150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለሞገዱ እንደ ብረት ያገለግላል፣ ማግኔት ግን አይይዝም። ጣሪያው መስታወት የሆነ መኪና ደግሞ ሁለቱንም አይሰጥም። ለእነዚህ በኮፈኑ ወይም በኋላው ክዳን ጠርዝ ላይ በብሎን የሚነክስ መያዣ አለ። ማግኔት የመረጥክ እንደሆነ በየሳምንቱ አንሳና ከሥሩ ጥረግ። እኔ አንድ ክረምት ረስቼው በሚያዝያ ሳነሳው የአሸዋ ቀለበት ቀለሙን በልቶ፣ መሀሉ ላይ ዝገት ጀምሮ አገኘሁት። ከሁሉ የሚበልጠው 19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በጣሪያው መሀል መብሳት ነው፤ የኪራይ መኪና ላይ ግን አትሞክረው።

ስለ ርዝመቷ። 7130ን በምትሰማው ሜጋኸርትዝ አካፍል፤ የሩብ ሞገድ ዘንግ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይወጣልሃል። ከማናሳስ በ162.55 የሚተላለፈው የአየር ጠባይ ዘገባ 44 ይፈልጋል። ከ118 እስከ 137 ለሚነጋገሩት አውሮፕላኖች 56 ይበቃል፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ስትጠብቅ የምትሰማው ይህን ነው። በ850 አካባቢ ላሉት አዳዲስ የራዲዮ ሥርዓቶች ከ8 እምብዛም አያልፍም። ሁሉንም የምትሰማ አንዲት ዘንግ አምጣ ካልከኝ የ46 ሴንቲ ሜትሯን እሰጥሃለሁ። በ155 ሩብ ሞገድ ናት፤ በ460 አካባቢ ሦስት ሩብ ስለምትሆን እዚያም ትሠራለች። ረጅምና ውድ ስለሆነ ይበልጣል የሚለውን የሻጭ ወሬ ተወው።

ገመዱን አታስረዝም። ቀጭኑ አር-ጂ 58 አምስት ሜትር ሲሆን በ850 ላይ ከተቀበልከው ኃይል ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይበላል። በበር ጎማ በኩል ስታሳልፈውም የሚታጠፍበትን አንግል አይተህ ይሁን፤ በር በተዘጋ ቁጥር ይቀጠቀጣል።

አንቴና የማይፈታው ነገርም አለ። የዲሲ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2011 ንግግሩን በምስጢር ቁልፍ ዘግቷል፤ ጣሪያህ ላይ ማማ ብትተክል አይከፈትም። ኒው ዮርክና ፍሎሪዳ ደግሞ የፖሊስ ራዲዮ የሚሰማ ስካነር ያለ ፈቃድ መኪና ላይ መትከልን በሕግ ይገድባሉ፤ ድንበር ከመሻገርህ በፊት ይህን አጣራ።

ሁሉን አስተካክለህ ገና ሹ የሚል ድምፅ ካስቸገረህ ሞተሩን አጥፋ። ድምፁ ካልጠፋ የስልኩን ቻርጀር ከሲጋራ ማቀጣጠያው ንቀል። አንድ ወዳጄ ሦስት አንቴና ከቀያየረ በኋላ ጥፋተኛው ይህ ርካሽ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ፤ ሲነቀል ስካነሩ ጸጥ አለ፣ ወዲያው አንድ አብራሪ ለማረፍ ፈቃድ ሲጠይቅ ሰማን።