የግንብ አጥር በሽታን አያግድም
በተጨናነቁ ማረሚያ ቤቶች ተላላፊ በሽታን ስለ መከላከል

አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። እንደ ጊንጪ፣ ጉደርና ጌዶ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በመቆርቆሯ መንገደኛ አይለያትም። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚገኝ ማረሚያ ቤት በግንብ ይታጠር እንጂ ከነዋሪው የተነጠለ አይደለም። የጥበቃ አባላት ሥራቸውን ፈጽመው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ቤተሰብ ስንቅ ያመላልሳል፤ ተጠርጣሪ ከፖሊስ ጣቢያ ይመጣል፤ ታራሚም ለቀጠሮ ፍርድ ቤት ደርሶ ይመለሳል። ሰው በተመላለሰበት መንገድ በሽታም ይመላለሳል። ስለሆነም ታራሚውን መጠበቅ ከተማውን መጠበቅ ነው።

መጨናነቅ የሚያስከትለው አደጋ

ኮቪድ-19 እና የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ አማካይነት ይተላለፋሉ። በጠባብ ክፍል ብዙ ሰው ጎን ለጎን ሲያድር አንዱ ያስወጣውን አየር ሌላው ይስባል። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የግርሻ ትኩሳትም ልብስና መኝታ በሚነካካበት ስፍራ ይበረታሉ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ብርዱን ሽሽት መስኮት ዘግቶ ማደር ግን የታመቀውን አየር የበሽታ መናኸሪያ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ወር ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ እንዲለቀቁ መወሰኑ መጨናነቅን መቀነስ አንዱ መከላከያ በመሆኑ ነው። በማረሚያ ቤት ለሚቆዩት ደግሞ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

በማረሚያ ቤቱ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. ማንኛውም ሰው በር ላይ እጁን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠባል፤ ስለ ትኩሳትና ሳልም ይጠየቃል።
2. አዲስ ገቢዎች ከነባሮቹ ሳይቀላቀሉ ለ14 ቀናት ተለይተው ይቆያሉ። የተለያየ ክፍል ከሌለ በአንድ ቀን የገቡት በአንድነት ይቀመጣሉ። በመካከሉ ሌላ ሰው ከተጨመረ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።
3. ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ በማይቻልበት የመኝታ ክፍል የአንዱ ራስጌ በሌላው ግርጌ በኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ ትይዩ መስኮቶችም በየዕለቱ ይከፈታሉ።
4. በእጅ የሚነኩ በሮችና ዕቃዎች በበረኪና ይጸዳሉ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ይበረዛል።
5. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለታል።

ለይቶ ማቆየት ቅጣት አይደለም

ከሁሉ የሚከፋው የተደበቀ ሳል ነው። ታራሚው መታመሙን ቢናገር ብቻውን እንደሚዘጋበት፣ ስንቁም እንደሚቋረጥበት ካመነ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ እስኪታወቅበትም ድረስ አብረውት ለሚያድሩት ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ ተለይቶ የሚቆይ ሰው ምግቡ፣ መኝታው፣ ሕክምናውና የቤተሰቡ ወሬ ሊጓደልበት አይገባም። የተለየበት ምክንያትና የሚቆይበት ጊዜም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከቤተሰቡም ጋር እንዲገናኝ መብት ሰጥቶታል። ጥየቃ ለጊዜው ቢገደብ እንኳ በስልክ መነጋገርን ማመቻቸት ተገቢ ነው።

የቤተሰብና የኅብረተሰቡ ድርሻ

ጠያቂ ሕመም ከተሰማው ስንቁን በጤነኛ ሰው ይልካል እንጂ ራሱ አይሄድም። ምግቡን ያዘጋጀ ሰው እጁን አስቀድሞ ይታጠባል፤ የምሳ ዕቃውም ሲመለስ በሳሙና ይታጠባል። የጥበቃ አባል ካመመው ቤቱ ሆኖ ለኃላፊው ያሳውቃል፤ ኃላፊውም ይህን እንደ ሥራ መጓደል ሊቆጥርበት አይገባም። ከማረሚያ ቤት የሚለቀቅ ሰው የጤንነቱ ሁኔታ ተጣርቶ፣ የጀመረው መድኃኒት ካለ የሚቀጥልበት ጤና ጣቢያ ተነግሮት ይሸኛል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመሐል ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ስለሚችል ይህ በቸልታ የሚታይ አይደለም። ጎረቤትም ተመላሹን ሳያገል ይቀበለው።

የበሽታው ምልክት የታየበት ሰው ወይም ቤተሰቡ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ምክር ማግኘት ይችላል። በማረሚያ ቤት ያለው ግን መደወያ ላይኖረው ይችላል፤ ለእርሱ የመጀመሪያው ደዋይ አጠገቡ ያለው ታራሚ፣ የጥበቃ አባልና የክሊኒኩ ባለሙያ ናቸው።