እናት ስትዛወር የእጅ ሥራዋም ይዛወር

ብዙ ወጣቶች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩትን የእጅ ሥራ፣ ማለት ሥዕሉን፣ ጥልፉን፣ በገናውን ወይም ስፌቱን፣ በቤተሰብ ላይ ችግር በመጣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ይጥሉታል። «አሁን የስፌት ጊዜ ነውን?» ይላሉ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ይህችን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ያ አሳቤ የት እንዳደረሰኝ በመንገር፣ አባት ወይም እናት የማዛወር ነገር የሚገጥማችሁ ወንድሞችና እኅቶች ከእኔ ስሕተት እንድትጠቀሙ ነው።

እናቴ የምትኖረው በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ ብቻዋን ቀረች። እኔ ደብረ ብርሃን በሥራ ላይ ነኝ፤ ወንድሜም ትዳር ይዞ በሌላ መንደር ይኖራል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና ጉልበቷ ተጎዳ። ያን ጊዜ ከወንድሜ ጋር ተመካክረን ወደ ከተማ እንድትመጣ ወሰንን። «ወሰንን» ስል እርሷ በሌለችበት ማለቴ ነው።

በነገርናት ጊዜ አልተቆጣችም። «እህሉ ከአውድማ ሳይገባ የት እሄዳለሁ?» አለች ብቻ። እኛ ይህን ምክንያት መፍጠር መሰለን። ኋላ ሳስበው ግን ትክክል ነበረች። የገበሬ ቤት እንደ ኪራይ ቤት ቁልፍ አስረክበው የሚወጡበት አይደለም። ገብሱ መታጨድ፣ መወቃት አለበት፤ የዘሩ እህል መለየት አለበት፤ የተበደረ መመለስ፣ ያበደረ መቀበል አለበት። ስለዚህ ነገሩ እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ቆየ።

በእነዚያ ወራት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ፣ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ እወጣ ነበር። መሬቱን ወንድሜ በእኩል እንዲያርስ ተስማማን። በጎቹን ለጎረቤት በርቢ ሰጠን። ቤቱ ግን አስቸገረን። የሣር ክዳን ቤት ሰው ካልኖረበት ፈጥኖ ይሞታል። ሣሩን ከተባይና ከእርጥበት የሚጠብቀው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ነው፤ ጢስ ሲጠፋ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ጣሪያውም ማፍሰስ ይጀምራል። ይህን የከተማ ልጆች አታውቁት ይሆናል። የጎረቤት ልጅ በየቅዳሜው ገብቶ እሳት እንዲያነድ አደራ ሰጠነው፤ ዋጋውም ከጓሮው የሚገኘው ጎመን ሆነ።

በመንደሩ ሰንበቴም እናቴ ብዙ ዓመት ያገለገለች ናት። ተራ በደረሰባት ጊዜ ጠላና ድፎ ዳቦ ታቀርባለች። የሰንበቴውን ሙሴ አግኝቼ፣ «ከእንግዲህ ከተማ ስለምትሆን ስሟ ይሰረዝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እሺ ልጄ» አሉ። እኔም አንድ ጣጣ ቀነስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

የእኔ ነገር በዚህ መካከል ምን ሆነ? ስፌትን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ወስፌ አስይዛኛለች። ሥራ ከያዝኩ በኋላም ማታ ማታ መስፋት አልተውኩም ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ሙዳይ ጀምሬ ወገቡ ላይ አድርሼው ሳለ፣ «የእናቴ ነገር እስኪያልቅ» ብዬ ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። አራት ወር ያህል ሳልነካው ቆየ። በዚያ ባጠራቀምኩት ጊዜ ምን ሠራሁበት? እውነቱን ልናገርና፣ ምንም አልሠራሁበትም። ደክሞኝ እተኛለሁ፤ ስነቃ እበሳጫለሁ፤ ከወንድሜ ጋርም በስልክ ያለ ምክንያት እጣላለሁ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። አይሱዙ መኪና ተከራይተን እስከ መንገዱ ዳር አስመጣን። ጎረቤት ሁሉ ሊሸኝ ተሰበሰበ። እኔ እንደ አለቃ ቆሜ፣ «ይህ ይጫን፣ ይህ ይቅር» እላለሁ። አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ጀበናው፣ ከራሳችን በጎች ጠጉር ተፈትሎ የተሠራው ባና ተጫነ። ከመደቡ ሥር አንዲት አሮጌ እንቅብ አወጣሁ። ጥላሸት የጠጣች፣ ጠርዟን አይጥ የበላት ናት። በውስጧ የስንደዶ እስር፣ አክርማ፣ ትንሽ ቀይ አለላ፣ የተሰበረ እንዝርትና የበግ ጠጉር ነበረ። ለመሸኛው ቡና እሳቱ ደክሞ ስለ ነበር፣ እንቅቧን ከነያዘችው ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። ቶሎ ተቀጣጠለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በደብረ ብርሃን የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ነው። ቧንቧው በግቢው ውስጥ ነው፤ መብራት አለ፤ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው። ሁሉን ያሟላሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። የጎረቤት በር በቆርቆሮ የተዘጋ ነው፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። አንድ ማታ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ስትጠይቅ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም ነበር። በመንደር ቀን የሚታወቀው በሥራው ነው፤ የገበያው ቀን፣ የጥጡ ቀን፣ እህል የማይፈጭበት የበዓል ቀን አለ። በእኔ ቤት ግን ማክሰኞም ሐሙስም አንድ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ቆይታ፣ «ያቺ እንቅብ ተቃጠለች አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፤ አሮጌ መስሎኝ ነው።»

«አሮጌ ናት። ቀዩን አለላ ቀለም ያገባችው እናቴ ነበረች።»

ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አጣሁ። ይቅርታ ለማለት እንኳ አፌ አልተከፈተም። ተነሥቼ ሙዳዩን ከምስማሩ አወረድኩና ከአጠገቧ ተቀምጬ መስፋት ጀመርኩ። እንድታየኝ ብዬ አልነበረም፤ እጄን የማደርግበት ቢጠፋኝ ነው። እርሷም ጥቂት ካየችኝ በኋላ ሙዳዩን ከእጄ ወሰደችና በአውራ ጣቷ ዙሩን ጫን ጫን አደረገችው። «ላልቷል» አለች። ሦስት ዙር ፈታችብኝ! ሣሩ ደርቆ ስለ ነበረ ውኃ አስመጥታ አረጠበችው፤ ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ይሰነጠቃልና። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ወስፌውን አልመለሰችልኝም።

ስለ ስፌት ጠባይ እዚህ ላይ ትንሽ ልበል። ስፌት ከታች ከአንዲት ትንሽ እምብርት ይጀመርና በሣር ጥቅል ላይ ሌላ ሣር እየተጠመጠመ፣ ወስፌው ከታች ያለውን ዙር እየበሳ፣ ዙር በዙር ወደ ላይ ያድጋል። ለሥራ የበዛበት ሰው የሚመች አንድ ነገር አለው። ጫፉን ውስጥ ሸጉጠው የትም ላይ ቢያቆሙት አይፈታም፤ ሩብ ሰዓት ሲገኝ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ በመናኸሪያ መኪና ስጠብቅ እሰፋለሁ። በመኪናው ውስጥ ግን አይሞከርም፤ በጣርማ በር ጠመዝማዛ መንገድ ወስፌ መያዝ ጣትን መጥላት ነው። የእናንተ ዝንባሌ ሌላ ከሆነ፣ ከሥራችሁ የትኛው ክፍል በአጭር ጊዜ ሊሠራ እንደሚችል መርምሩ። ሥዕል የሚሠራ ቀለሙን ባይዘረጋ እንኳ ንድፉን በደብተር ማውጣት ይችላል። በገና የሚደረድር ግን አንድ ሙሉ ሰዓት ጸጥታ ሳያስፈልገው አይቀርም፤ ያንን ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ ያግኝ እንጂ ተሰርቆ አይገኝም። ፈጽሞ የሚቆምበት ጊዜም አለ። እናቴ በሚያዝያ ታማ በተኛች ጊዜ ሁለት ሳምንት ወስፌ አልያዝኩም፤ አልቆጨኝምም።

እናቴ ፀሐይ ለመሞቅ ስፌቷን ይዛ ከግቢው በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን በዚያ የምታልፍ ሴት ቆማ፣ «እማማ፣ ይህ የመንዝ ስፌት አይደለም?» አለቻት። ሴትዮዋ የመንዝ ሰው ኖራለች፤ ቤቷም ከእኛ ሦስተኛው የቆርቆሮ አጥር ነው። በማግስቱ ልጇን ልታስተምርላት ይዛ መጣች። ከዚያም ቡና መጠራራት ሆነ። አሁን እናቴ ቀኑን አትጠይቀኝም፤ ማክሰኞ ቡናው የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለች።

የሰንበቴው ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ በሰኔ ወደ መንደር ወጣሁ። ሙሴው ዘንድ ሄጄ፣ «አጥፍቻለሁ፤ ስሟን እባክዎ መልሰው ያስገቡልኝ» አልኳቸው።

«አልሰረዝነውም እኮ» አሉኝ። «አንቺ ነሽ ያልሽው፤ እርሷ አላለችም።»

ተራዋ በደረሰ ጊዜ ወንድሜ ገብሱን አቀረበ፤ እኔ ጌሾውን ከከተማ ገዛሁ፤ እናቴም ከቤቷ ገብታ ምድጃዋን ራሷ አነደደች። ጣሪያው አላፈሰሰም ነበር። ስንመለስ ከወንዙ ዳር የታጨደ ስንደዶ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። እኔ ልሸከምላት ብል እምቢ አለች።

ሙዳዩ አሁን ክዳኑ ብቻ ቀርቶታል። እርሱንም «አንቺ ታላይዋለሽ» ብላ ወስዳብኛለች።