ኅዳርን ያለ ፌስታል ጭስ ማጠን፦ ደረጃ በደረጃ

ኅዳር 12 ሲመጣ በየደጃፉ ቆሻሻ ተጠርጎ ይከመራል፣ እሳት ይለኮሳል። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ያን ጊዜ አዲስ አበባን መትቶ ሺዎችን ፈጀ። በዚያ ዘመን ፌስታል አልነበረም። ዛሬ በክምሩ ውስጥ ፌስታልም ሃይላንድም ጎማም አለ፤ ጭሳቸው መርዝ ነው። ስለዚህ ልማዱን አይተዉ፤ የሚያጨሱትን ይለውጡ። በቆቦና በራያ ቆላ ላለ ግቢ አሠራሩ እንዲህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• መጥረጊያ፣ አካፋና ዶማ
• 3 ባዶ ጆንያ
• ወፍራም ጓንትና አፍንጫ የሚሸፍን ሻሽ
• 1 ባልዲ ውሃ
• እበት፣ አመድና አንድ ረጅም ዱላ
• የእጣን ማጨሻ፣ ከሰል፣ እጣን፣ ከርቤና የደረቀ የወይራ ስንጥር

ኅዳር 9፦ ይጥረጉ፣ ይለዩ

1. መሬቱ ላይ ጥቂት ውሃ ይርጩ። የቆቦ አቧራ ሳይረጥብ አይጠረግም።

2. ከጓሮ ጀምረው ወደ ደጃፍ ይጥረጉ። ጓንትና ሻሽዎን አይርሱ።

3. የማሽላ አገዳውን ወደ ጎን ያድርጉ። የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው፤ ከቆሻሻ ጋር አይቀላቅሉት።

4. የሚበሰብሰውን ለብቻ ይከምሩ፦ ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተበላሸ ቲማቲም፣ የቡና አተላ።

5. አንደኛው ጆንያ ውስጥ ሃይላንድ፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ ቆርቆሮና ብረት ይክተቱ። ሃይላንዱን ረግጠው ያሳንሱት። ቆራሌው ሲያልፍ ይሽጡለት።

6. ሁለተኛው ጆንያ ውስጥ ፌስታሉን ይክተቱ። አፉን ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ያስረክቡ። ሰብሳቢ በሌለበት ቀበሌ ከሆኑ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡና ወደ ከተማ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። ወንዝ ውስጥ አይጣሉት፤ ጎርፉ እርሻ ላይ ያራግፈዋል፣ ከብትም ይበላዋል።

7. ሦስተኛው ጆንያ ውስጥ አደገኛውን ይለዩ፦ የባትሪ ድንጋይ፣ የፍሊት ቆርቆሮ፣ የተሰበረ አምፖል፣ የጸረ ተባይ ዕቃ። የፍሊት ቆርቆሮ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቆልፉበት።

8. በመስኖ እርሻዎ ጸረ ተባይ ከረጩ ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ። ያለቀለቁበትን ውሃ መልሰው መርጫው ውስጥ ይጨምሩ። ዕቃውን ይብሱት። ውሃ ወይም ዘይት በፍጹም አይያዙበት። የት እንደሚወገድ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

9. አሮጌ ጎማ በረባሶ ለሚሠራ ሰው ይስጡ።

10. አጥር ሥር የበቀለውን ቅንጬ አረም፣ ማለትም ፓርቲኒየምን፣ በጓንት ይንቀሉ። ነጭ አበባ ያወጣውን ከሚበሰብሰው ጋር አይቀላቅሉ፤ ዘሩ ተመልሶ ይበቅላል። ለብቻው ግማሽ ሜትር አጥልቀው ይቅበሩት።

ኅዳር 10፦ ኮምፖስት ይቅበሩ

11. ጥላ ያለበት፣ ከውሃ ጉድጓድ የራቀ ቦታ ይምረጡ። ቆላ ላይ ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም።

12. 1 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። ርዝመቱን በቆሻሻዎ ብዛት ይወስኑ።

13. ዱላውን መሃል ላይ ያቁሙ።

14. በዙሪያው ደረቁን ነገር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደልድሉ። ጥቂት ውሃ ይርጩበት።

15. እርጥቡን ቅጠልና ልጣጭ በላዩ ይጨምሩ።

16. እበት፣ ከዚያም ስስ አፈርና ጭብጥ አመድ ይነስንሱ።

17. ጉድጓዱ እስኪሞላ ከደረጃ 14 ጀምረው ይደጋግሙ።

18. በአፈርና በሣር ይሸፍኑት። ዱላው እንደቆመ ይቆይ።

ኅዳር 11፦ ለበዓሉ ይዘጋጁ

19. በነጋታው ለሚውለው የኅዳር ሚካኤል ዝክር ካለዎት ብርጭቆና ጣሳ ከጎረቤት ይዋሱ። የሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ አይግዙ።

20. ገበያ ሲወጡ ዘንቢል ይያዙ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል።

21. ወይራውን ጣት በሚያህል ቁመት ይሰንጥሩ። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ ያስጡት።

ኅዳር 12፦ ያጭሱ

22. በርና መስኮት ይክፈቱ።

23. ከሰሉን ውጭ ያቀጣጥሉ። ላዩ ነጭ አመድ ሲለብስ ማጨሻው ላይ ያድርጉት። ሳይቀጣጠል ቤት አያስገቡ፣ ከገባም በኋላ በርና መስኮት አይዝጉ፤ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ራስ ያዞራል፣ ይገድላልም።

24. መጀመሪያ ወይራውን፣ ቀጥሎ እጣኑን፣ በመጨረሻ ቆንጠር አድርገው ከርቤውን ይጨምሩ።

25. ማጨሻውን ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ፤ ደጃፉ ላይ ይጨርሱ። ሕፃናትንና አስም ያለበትን ሰው አስቀድመው ወደ ውጭ ያስወጡ። ጭስ ጉንፋን አያባርርም፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የሚያሳልና የሚያተኩሰው ሰው ካለ ለብቻው ያሳርፉትና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

26. ልጆች እሳት ካማራቸው እፍኝ ደረቅ ቅጠል ብቻ ያቃጥሉላቸው። ወሩ የአጨዳ ወር ነው፤ ከማሽላ ክምርና ከአውድማ ይራቁ። ነፋስ ካለ ይተዉት። ባልዲ ውሃው ከአጠገብዎ አይጥፋ።

27. ከእሳቱ ሳይለዩ ያጥፉት። የእጅዎን ጀርባ ወደ አመዱ አቅርበው ይሞክሩ፤ ሙቀት ካለ ውሃ ይጨምሩ።

ከበዓሉ በኋላ

28. ኅዳር 17 ዱላውን ከኮምፖስቱ ይንቀሉ። ጫፉን ይዳስሱ። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ በቀዳዳው ውሃ ያፍስሱ። ከሸተተ ውሃው በዝቷልና ደረቅ ገለባ ይጨምሩ።

29. ታኅሣሥ 10 ላይ አውጥተው ያገላብጡት፣ መልሰው ይሸፍኑት።

30. መጋቢት አጋማሽ ላይ ይክፈቱት። ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮና የአፈር ሽታ ይዞ ከተገኘ ደርሷል። ካልደረሰ ሁለት ሳምንት ይጨምሩለት። ከዚያ ማሽላ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ላይ በትነው ወዲያው አርሰው ከአፈር ጋር ያዋህዱት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ኃይሉ ይቀንሳል።