የካርታ ወሰንና የግንብ ወሰን

አንድ የፈረሰ ሰፈር እንደገና ሲሠራ መሐንዲሱ በባዶ ወረቀት ላይ የሚጀምር ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቦታው አስቀድሞ በወሰን የታሰረ ነው። ከወሰኖቹም አንዱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ይኸውም ወንዝ፣ ሐዲድ ወይም ግንብ ነው። ሌላው በመዝገብና በካርታ ላይ ብቻ የሚገኝ የአስተዳደር ወሰን ነው። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚሆነውን ለመረዳት በበርሊን ከተማ፣ ከፖትስዳም አደባባይ አጠገብ ያለውን የሌኔ ሦስት ማዕዘን የተባለውን ቦታ እንመልከት። (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሊን ስትከፈል፣ የሚተና የቲርጋርተን ወረዳዎች የሚዋሰኑበት መሥመር የሶቪየትና የእንግሊዝ ክልል ድንበር ሆነ። በ1961 ግንቡ ሲሠራ ግን ሠሪዎቹ ጠማማውን ወሰን መከተል ትተው በአቋራጭ ቆረጡት። ስለዚህ 4 ሄክታር ያህል መሬት በሕግ የምሥራቅ፣ በአቀማመጥ የምዕራብ ሆኖ ቀረ፤ ከሃያ ዓመት በላይም ዱር በቀለበት።

በማርች 1988 ሁለቱ ወገኖች መሬት ለመለዋወጥ ተዋዋሉ። ቦታው ወደ ምዕራብ በርሊን የሚተላለፈው ጁላይ 1 ቀን ነበር። በዚያ በኩል ሊወጣ የታሰበውን አውራ መንገድ የሚቃወሙ ወጣቶች ቀኑ ሳይደርስ ገብተው ድንኳን ተከሉ። የምዕራብ ፖሊስ ዙሪያውን ከመክበብ አልፎ ሊያስወጣቸው አልቻለም፤ መሬቱ የሌላ መንግሥት ነውና! ቀኑ ሲደርስ ፖሊስ ገባ። ከ150 የሚበልጡ ሰዎችም በግንቡ ላይ ወጥተው ወደ ምሥራቅ ተሻገሩ። ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ ለማምለጥ ነፍሱን በሚሰጥበት ዘመን እነዚህ ወደ ምሥራቅ ሸሹ። የድንበር ጠባቂዎቹም ቁርስ አብልተው መለሷቸው።

በ1989 ግንቡ ተከፈተ። ግንቡ ባዶ ያደረገው ሜዳ በከተማው መካከል ያለ ሰፊ የግንባታ መሬት ሆኖ ተገኘ። የዳይምለር ቤንዝ ሕንፃዎች በ1998፣ የሶኒ በ2000፣ በሦስት ማዕዘኑ ላይ ያሉት ሆቴሎችና መኖሪያዎች በ2004 ተከፈቱ።

ከመካከላችን ነገ ቀያሽ የሚሆን ካለ ግን ሌላም መሥመር መፈለግ ይኖርበታል፤ የባለርስትን ወሰን ማለታችን ነው። ከዚህ መሬት ከፊሉ ናዚዎች ንብረታቸውን የቀሟቸው የቬርትሃይም የተባሉ አይሁድ ቤተ ሰብ ርስት ነበረ። ሁለቱ መንግሥታት ሲለዋወጡት እነዚህን የጠየቀ አልነበረም። ወራሾቹ ብዙ ከተሟገቱ በኋላ፣ ካርሽታት ክዌለ የተባለው ኩባንያ ለዚህና ለሌሎች ቦታዎቻቸው 88 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል የተስማማው በ2007 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕንፃዎቹ ቆመው ሰው ገብቶባቸዋል።