ዋሽንግተን ለምትሄደው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ እናትሽ ሻንጣሽ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስትከት አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ይህን ልጨምርበት። ዋሽንግተን ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳሁ፤ ከተማዋን በወጉ ያየኋት ግን መንዳት ካቆምኩ በኋላ ነው። ይቆጨኛል፤ አንቺን እንዲቆጭሽ አልፈልግም።

1. ከሁሉ በፊት አቅጣጫ ያዢ። እዚህ ቆቦ የዞብል ተራራ በምሥራቅ ስለሚታይ አቅጣጫ የሚጠፋበት ሰው የለም። እዚያ ዞብል የሚሆንሽ 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት ነው። ሕጉ ሕንፃ ከልክ በላይ እንዲረዝም ስለማይፈቅድ ከሩቅ ይታያል። ስትቀርቢው ድንጋዩን አስተውይ፤ ሩቡን አለፍ ሲል መልኩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1848 ተጀምሮ ገንዘብ ሲያጥር፣ የእርስ በርስ ጦርነትም ሲመጣ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ቀረ። የተጠናቀቀው በ1884 ነው። ቤት ጀምሮ መጨረስ ያቃተው ዘመድ ሁሉ ቢያየው ደስ ይለኛል።

2. አድራሻ ሲነግሩሽ እስከ መጨረሻው ስሚ። ከተማዋ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ከካፒቶል ተነስታ በአራት ስለተከፈለች አንድ የመንገድ ስም በየክፍሉ ይደጋገማል። ጀማሪ ሳለሁ ሰሜን ምዕራብ ያለችኝን ሴት ሰሜን ምሥራቅ ወስጄ የሥራ ፈተናዋን አሳለፍኩባት። ፊቷ ዛሬም አይጠፋኝም።

3. የጥር ፀሐይ አታታልሽ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ነው ብርዱ የሚብሰው።

4. በእግርሽ ሂጂ። ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከማሽላ ማሳ ለዋለች ልጅ ምንም አይደል። ግራና ቀኙ የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች ናቸው፤ መግቢያ አይከፈልም። ገንዘቡን የተናዘዘው ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ አሜሪካን በዓይኑ አላያትም። ሊንከን ዘንድ ስትደርሺ ደረጃው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ፈልጊ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ቆሞ የተናገረበት ቦታ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር መጥተው ነበር። የኬኔዲ መቃብር ከወንዙ ማዶ አርሊንግተን ነው፤ ድልድዩን ተሻግረሽ እይው።

5. ዩ ስትሪትና 9ኛ መንገድ ስትደርሺ የዶሮ ወጥ ሽታ ይቀበልሻል። ግቢ፣ ብዪ። ነገር ግን እዚያው ብቻ ከርመሽ አሜሪካን አየሁ እንዳትዪ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እኔ ያጠፋሁት ስለሆነ ነው። ያ ሰፈር ከእኛ በፊት የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ መናኸሪያ ነበር፤ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚያ ነው። በ1968 ኪንግ ሲገደል በተነሳው ሁከት ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፣ ሰፈሩም ለዓመታት ተጎዳ። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱት ያን ሁሉ ባየ ሰፈር ውስጥ ነው። ደጃፍ የተቀመጠ አዛውንት ስታገኚ እንደ ራያ ልጅ ቆመሽ ሰላም በዪ። ጊዜ ካላቸው ያጫውቱሻል። እኔ ስንቱን በመስታወት ውስጥ አልፌዋለሁ።

6. እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ቆቦ ሊነጋ ነው፤ እናትሽ ቡና ልትቆላ ትነሳለች። ያን ጊዜ ደውዪላት። ደህና ነኝ ብለሽ ብቻ አትዝጊ፤ የዋልሽበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ንገሪያት፣ እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ።